ተደጋጋሚ የሠራተኛ ቅነሳ፤ የገበያ ችግር ወይስ የአሠራር ባህል?

የሰው ልጅ ከሌላው ፍጡር ተለይቶ ኅብረተሰብ ለመመሥረት የበቃው በሥራ ነው። ሥራ ለሠራተኛው የዕለት ጉርስና የዓመት ልብስ ማግኛ ከመሆኑም በላይ፣ በሠፈሩ የሚከበርበት፣ በዕድሩ መዝገብ ስሙ የሚጸናበት፣ ልጆቹ ስለ ወላጃቸው ሲጠየቁ ቀና ብለው የሚመልሱበት የኑሮው ምሰሶ ነው። ስለሆነም ሠራተኛን ከሥራ ማሰናበት ከደመወዝ መክፈያ መዝገብ ላይ አንድ ስም ከመሰረዝ ጋር ብቻ ተያይዞ ሊታይ አይገባውም። ከስሙ ጋር አብሮ የሚሰረዝ ብዙ ነገር አለ።

ዛሬ ልንመለከተው የፈለግነው ይህንኑ ጉዳይ ነው። የምንነጋገረው ግን አንድ ጊዜ ደርሶ ስለሚያልፍ ቅነሳ አይደለም። በየዓመቱ፣ አንዳንድ ጊዜም በየመንፈቁ እየተመላለሰ የሠራተኛውን ጉልበትና ተስፋ ስለሚያሟጥጠው ተደጋጋሚ ቅነሳ፣ እንዲሁም የዚህ ቅነሳ እናትም ልጅም ስለሆነው ብልሹ የአሠራር ባህል ነው።

ከማስታወቂያ ሰሌዳ እስከ ዕድር መዝገብ

ንፋስ ስልክ ላፍቶን ለሚያውቅ ሰው ክፍለ ከተማው የሠራተኛ መኖሪያ መሆኑን ማስረዳት አያስፈልግም። ከጎተራ ወደ ሳሪስ በሚዘልቀው የደብረ ዘይት መንገድ ግራና ቀኝ የተተከሉት ፋብሪካዎች፣ መጋዘኖችና ጋራዦች ከአንድ ትውልድ በላይ ሠራተኛ አሳድገዋል። የቀለሙን ፋብሪካ ወይም የአደይ አበባን ስም ጠርቶ አቅጣጫ የማያሳይ የአካባቢው ነባር ነዋሪ ጥቂት ነው። በጎፋ፣ በመካኒሳ፣ በላፍቶ፣ በለቡ፣ በሃና ማርያምና በጀሞ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ በታክሲ ሰልፍ የሚቆመውን ሕዝብ ብንመለከት፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ብረት በያጁ፣ ሹፌሩ፣ ጥበቃው፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ የሒሳብ ሠራተኛውና የዕርዳታ ድርጅት ተቀጣሪው ጎን ለጎን ተሰልፈው እናገኛቸዋለን።

ቅነሳ ወደዚህ ሠፈር የሚገባበት መንገድ የታወቀ ነው። ቀን ተመርጦለት፣ ብዙውን ጊዜ በሳምንቱ መጨረሻ፣ የስም ዝርዝር በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ወይም ሠራተኛው እንደ ወትሮው በማለዳ ሲደርስ በጥበቃው እጅ ካለው ዝርዝር ውስጥ ስሙ እንደሌለ በበሩ ላይ ይነገረዋል። ምክንያቱን ሲጠይቅ ያገኘው የቅርብ አለቃ ጉዳዩ ከበላይ የመጣ መሆኑን ገልጾ ፊቱን ያዞራል። የበላዩ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው። ለዓመታት የድርጅቱን በር ከፍቶ የገባ ሰው በበሩ ውጭ ቆሞ የሚያናግረው ያጣል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሸክም የሚረከበው ሠፈሩ ነው። በመጀመሪያው ወር ዕቁቡ ይቋረጣል። በሁለተኛው ወር የቤት ኪራይ ይታጎላል። በሦስተኛው ወር የሱቁ የዱቤ ደብተር ይዘጋል፤ የዕድር መዋጮ ይወዘፋል፤ ልጅ ከነበረበት ትምህርት ቤት ይወጣል። ድርጅቱ አንድ ደመወዝ ቆጠብኩ ሲል፣ ባለሱቁ፣ አከራዩ፣ ዕቁብተኛውና ዘመዱ የዚያን ቁጠባ ዕዳ ተከፋፍለው ይከፍላሉ። በድርጅቱ የሒሳብ መዝገብ ላይ ትርፍ ሆኖ የተመዘገበው ገንዘብ በሠፈሩ መዝገብ ላይ ኪሣራ ሆኖ ይገኛል።

በዚሁ ክፍለ ከተማ የምናውቃት አንዲት የልብስ ስፌት ሠራተኛ አለች። በአንድ ድርጅት ውስጥ በአራት ዓመት ሦስት ጊዜ ተሰናብታ ሦስት ጊዜ ተመልሳ ተቀጥራለች። በተመለሰች ቁጥር እንደ አዲስ ሠራተኛ በሙከራ ጊዜ ትጀምራለች፤ ደመወዟም ከመነሻው ይቆጠራል። የምትሠራበት መኪና ግን ያው ነው፤ የምትሰፋውም ልብስ ያው ነው። ሥራው ቋሚ ሆኖ ሳለ ሠራተኛዋ ብቻ ጊዜያዊ ሆናለች። ይህች ሴት ያማረረችው ከሥራ መውጣቷን ብቻ አልነበረም። በምትሠራበትም ጊዜ ቢሆን ነገ ምን እንደሚመጣ ሳታውቅ መኖሯ እንቅልፍ እንደነሳት ነው የነገረችን። የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ላይ ይመስለናል።

ባለቤት ሲለወጥ ያልተለወጠው

አንድን ችግር በትክክል ለመረዳት ከየት እንደተነሣ ማወቅ ተገቢ ነው። በአገራችን ሠራተኛው በሕግ የታወቀ ማኅበር ያገኘው ከብዙ ውጣ ውረድ በኋላ ነው። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በ1955 ዓ.ም. ተመሠረተ። በ1956 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት አዋጅ ቁጥር 210 ወጣ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መጨረሻ በተደረገው አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ ከተነሡት ጥያቄዎች መካከል የዝቅተኛ ደመወዝ ወለልና የጡረታ መብት ይገኙባቸዋል። ያን ጊዜም የሠራተኛው ብሶት የደመወዝ ማነስ ብቻ አልነበረም። ያለ በቂ ምክንያት መባረር፣ መሰደብና መናቅም ነበር።

በጥር 1967 ዓ.ም. 72 የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶች ሙሉ በሙሉ ወደ መንግሥት ተዛወሩ። በ1968 ዓ.ም. አዲስ የሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 64፣ ታወጀ። ነገር ግን የባለቤትነት መለወጥ ብቻውን የአሠራር ባህልን እንደማይለውጥ የዚያ ዘመን ልምድ አስተምሮናል። ነባሩ የሠራተኛ ማኅበር ፈረሰ፤ በምትኩ የቆመው ከላይ ወደ ታች ትእዛዝ ማስተላለፊያ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ የባለሀብቱን ወንበር ሲረከብ ቁጣውንም አብሮ የተረከበበት ድርጅት ብዙ ነበር። ስለ ሠራተኛው ብዙ ተጻፈ፤ ሠራተኛው ራሱ የተናገረው ግን ጥቂት ነበር።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ የመንግሥት ድርጅቶች ወደ ግል የመዛወር ዘመን መጣ። በ1986 ዓ.ም. የፕራይቬታይዜሽን ኤጀንሲ ተቋቋመ። ብዙ ድርጅቶች ሲሸጡ ሠራተኛው ከሕንፃውና ከመኪናው ቀጥሎ የሚጻፍ ዕቃ ይመስል ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ተላለፈ፤ ያልተላለፈውም ተቀነሰ። የሠራተኛ ሕጉ በ1985፣ በ1996ና በ2011 ዓ.ም. በተከታታይ ተሻሽሎ ወጥቷል። ዘመን ተለውጧል፤ መንግሥት ተለውጧል፤ ባለቤት ተለውጧል። ሠራተኛው ስለ ራሱ ዕጣ ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ የሚሰማ የመጨረሻው ሰው መሆኑ ግን አልተለወጠም።

እውነተኛው ምክንያትና ሰበቡ

እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን ያስፈልጋል። ማንኛውም ቅነሳ ከክፋት የመነጨ ነው ማለት ትክክል አይሆንም። ድርጅት በእርግጥ ገበያ ሊያጣ ይችላል። ጥሬ ዕቃ ለማስመጣት የውጭ ምንዛሪ ሊያጥረው ይችላል። ጦርነትም ሆነ ወረርሽኝ ምርቱን ሊያቆመው ይችላል።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ፓርኩ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ በተለይም ሴቶች፣ ከገጠር ወደ ስፌት መኪና ተሻገሩ። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነጻ የንግድ ዕድል እንደምታግድ ስታስታውቅ፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ፒቪኤች የተባለው ትልቅ የልብስ ኩባንያ በፓርኩ የነበረውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ ገለጸ። እገዳው ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ሲጸና የሌሎችም ድርጅቶች ሠራተኞች ከሥራ ወጡ። እነዚያ ሠራተኞች ጦርነቱን አልጀመሩም፤ የንግዱንም ውል አልፈረሙም። ዋጋውን የከፈሉት ግን እነርሱ ናቸው። በ2017 ዓ.ም. አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን ባገደች ጊዜም በዚያ ገንዘብ በኮንትራት ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ የጤናና የዕርዳታ ድርጅት ሠራተኞች በአጭር ማስታወቂያ ሥራቸውን አጥተዋል። ብሶቱ ከፋብሪካ ግቢ ወጥቶ ወደ ቢሮም መግባቱን ይህ ያሳያል።

ይሁን እንጂ እውነተኛ ምክንያት ከሰበብ የሚለይበት መፈተኛ አለ። ችግሩ እውነተኛ በሆነበት ድርጅት ሒሳቡ ለሠራተኛው ተወካዮች ይገለጣል። የሥራ አስኪያጆች አበልና የመኪና ወጪ አስቀድሞ ይቀነሳል፤ ትርፍ ሰዓት ይቀራል፤ ሠራተኛው ወደ ሌላ ክፍል ይዛወራል፤ ቅነሳ የመጨረሻው አማራጭ ይሆናል። ችግሩ ሰበብ በሆነበት ድርጅት ግን 20 ሠራተኛ በወጣ በወሩ ለ20 ሠራተኛ የቅጥር ማስታወቂያ በበሩ ላይ ይለጠፋል። ወይም ያው ጥበቃና ያችው የጽዳት ሠራተኛ በኤጀንሲ በኩል፣ ከቀድሞው ባነሰ ደመወዝ ተመልሰው ይመጣሉ። በዚህ ሁኔታ የተቀነሰው የሰው ቁጥር ሳይሆን የሠራተኛው መብትና የአገልግሎት ዘመኑ ነው።

ቅነሳን ማስቀረት ጨርሶ የማይቻል አለመሆኑንም በቅርቡ አይተናል። መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ በአዋጁ አፈጻጸም አሠሪዎች ሠራተኛ እንዳይቀንሱ ተከልክሎ ነበር። ከዚያ ወቅት የባሰ የገበያ ችግር በቅርብ ዓመታት አልታየም። ሆኖም ኅብረተሰቡ የሠራተኛውን እንጀራ ከሁሉ አስቀድሞ ለመጠበቅ ሲወስን መንገድ ተገኝቷል።

ፍርሃት የሚያመርተው

የአሠራር ባህል ስንል በግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የድርጅቱን ዓላማና እሴት ማለታችን አይደለም። አለቃው ሠራተኛውን የሚጠራበት ድምፅ፣ ቅሬታ ያቀረበ ሰው ከሳምንት በኋላ የሚገጥመው ዕጣ፣ ዕድገት የሚሰጥበት መመዘኛ፣ ስሕተት ሲፈጠር የመጀመሪያው ጥያቄ ምን እንደሆነ፤ ባህል ማለት ይህ ነው።

ቅነሳ በሚመላለስበት ድርጅት የሚነግሠው ፍርሃት ነው። ፍርሃት ደግሞ የራሱን ምርት ያመርታል። ሠራተኛው መኪናው መሰንጠቁን አይቶ ዝም ይላል፤ ቢናገር አጥፊ ይባላልና። ጓደኛው ከዝርዝሩ ቢገባ እርሱ የሚተርፍ እየመሰለው ወሬ አቀባይ ይሆናል። ነባሩ ባለሙያ የሚያውቀውን ለአዲሱ አያስተምርም፤ ያስተማረ ዕለት የሚተካው ይመስለዋልና። አድርባዩ ከፍ ይላል፤ ሥራ ወዳዱ ይሸማቀቃል። አንዳንዱም ብሶቱን ወደ ዘርና ወደ ወንዝ ልጅነት ወስዶ፣ ማን ተቀነሰ ማን ቀረ በሚል ቆጠራ ከባልደረባው ጋር ይቃቃራል። በመጨረሻ የምርቱ ጥራት ይወድቃል፤ ደንበኛ ይሸሻል፤ ገቢ ይቀንሳል፤ ገቢ ሲቀንስ ሌላ ቅነሳ ይታወጃል። ቅነሳው የወለደው ባህል በተራው ቅነሳን ይወልዳል። አዙሪቱ ይህ ነው።

ይህ የእኛ ግምት ብቻ አይደለም። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ አምስት ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን ተከታትለው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2018 አሳትመዋል። የፋብሪካ ሥራ ካገኙት መካከል አንድ ሦስተኛ ያህሉ በመጀመሪያው ወር፣ 77 ከመቶው ደግሞ በዓመት ውስጥ ሥራውን ለቀዋል። ከባድ የጤና ችግርም በፋብሪካ ሥራ ላይ በተመደቡት ዘንድ በርክቶ ተገኝቷል። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ትምህርት ቤት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ሐዋሳ ባወጣው ጥናት፣ የሠራተኛው መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደነበረና የሠራተኛው ፍልሰት በመጀመሪያው የሥራ ዓመት በአማካይ 100 ከመቶ ያህል መድረሱን ገልጿል። አንዳንድ አሠሪ ሠራተኛው ሥራ አይወድም እያለ ያማርራል። ነገር ግን ከአሥር ሰው ሰባቱ ጥሎት የሚሄድ ቤት ካለ፣ መጠየቅ የሚገባው የሄዱት ጠባይ ብቻ ሳይሆን የቤቱም አያያዝ ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን ቅራኔ እንዴት እንደተመለከቱት ማየት ይጠቅማል። ካይዘን የሚባለው የጃፓን አሠራር ወደ አገራችን ገብቶ በ2004 ዓ.ም. ኢንስቲትዩት ተቋቁሞለታል። በየፋብሪካው ቀይና ቢጫ መስመር ተሰምሯል፤ ሠሌዳ ተሰቅሏል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን የጃፓን የምርታማነት ንቅናቄ እ.ኤ.አ. በ1955 ሲጀመር በሦስት መርሆዎች ላይ ተስማምቶ መነሣቱ ነው። ሥራን ጠብቆ ማስፋት፣ አሠሪና ሠራተኛ ተመካክረው መሥራት፣ የምርታማነትን ፍሬ በአግባቡ መከፋፈል። ሠራተኛው የአሠራር ማሻሻያ ሐሳብ እንዲያመጣ የሚጠየቀው፣ ያ ሐሳብ የራሱን እንጀራ እንደማይቆርጥ አስቀድሞ ዋስትና ከተሰጠው በኋላ ነው። ሦስቱን መርሆዎች ትቶ ቢጫውን መስመር ብቻ መውሰድ ዛፉን ትቶ ጥላውን መትከል ይሆናል።

በጎረቤት አፍሪካም በታንዛኒያ ገዥው ፓርቲ ታኑ እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣው ምዎንጎዞ የተባለ መመሪያ፣ አንቀጽ 15 ላይ፣ መሪ ትዕቢተኛ፣ ሠራተኛውን ናቂና ጨቋኝ መሆን እንደሌለበት ደንግጎ ነበር። የፋብሪካ ሠራተኞችም ይህን አንቀጽ እየጠቀሱ ተሳዳቢ ሥራ አስኪያጆችን ተቃወሙ። ከዚህ የምንማረው የሠራተኛ ክብር ጥያቄ ከደመወዝ ጥያቄ ያነሰ ቅንጦት አለመሆኑን ነው። የተዋረደ ሰው ሙሉ ጉልበቱን አይሰጥም።

ሕጉ ምን ይላል?

ብሶት ያለ ዕውቀት ከሆነ እንደ ጭስ ተንኖ ይቀራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠራተኛ በሥራ ላይ ያለውን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዋና ዋና ድንጋጌዎች ሊያውቅ ይገባዋል።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ በአዋጁ መሠረት የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። ለተወሰነ ጊዜ የሚደረግ ውል የሚፈቀደው በሕጉ በተዘረዘሩ ሁኔታዎች ነው። ለአንድ የተለየ ሥራ፣ ለጊዜው የሌለን ሠራተኛ ለመተካት፣ ያልተለመደ የሥራ ብዛት ሲያጋጥም፣ ለወቅታዊ ሥራና ለመሳሰሉት። ዓመቱን ሙሉ የማይቋረጥ ሥራን በሦስት በሦስት ወር ውል እየቆራረጡ ማሠራት ከዚህ መንፈስ ውጭ ነው። የሙከራ ጊዜም ቢሆን ከ60 የሥራ ቀን ሊበልጥ አይችልም።

በሁለተኛ ደረጃ፣ የሠራተኛ ቅነሳ የራሱ ትርጉምና ሥርዓት አለው። ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት ከሠራተኛው ቁጥር 10 ከመቶ ያላነሰውን፣ ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለው ድርጅት ደግሞ ቢያንስ 5 ሠራተኞችን የሚመለከት ስንብት ቅነሳ ይባላል። አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኛ ተወካዮች ጋር መመካከር አለበት። በሥራው እንዲቆይ ቅድሚያ የሚሰጠው የሥራ ችሎታና ከፍ ያለ ምርታማነት ላለው ሠራተኛ ነው። ተመሳሳይ ደረጃ ላይ ባሉት መካከል ደግሞ በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰበት፣ የሠራተኛ ተወካይና ነፍሰ ጡር ጥበቃ አላቸው። የግንባታ ሥራ ደረጃ በደረጃ ሲጠናቀቅ የሚወጣው ሠራተኛ ግን ከዚህ ሥርዓት ውጭ በተለየ ሁኔታ ይታያል።

በሦስተኛ ደረጃ፣ በቅነሳ ለሚሰናበት ሠራተኛ የ2 ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰና ለጡረታ ያልበቃ ሠራተኛ የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል። ለመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዙ በ30 ተባዝቶ ይከፈለዋል። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ ይታከልበታል፤ ጠቅላላው ግን ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ምክንያቱ ቅነሳ ከሆነ ደግሞ የቀን ደመወዙ በ60 ተባዝቶ ይጨመርለታል። ለምሳሌ ያህል የቀን ደመወዙ 150 ብር የሆነና 7 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛን እንውሰድ። ለመጀመሪያው ዓመት 4,500 ብር፣ ለቀሩት 6 ዓመታት 9,000 ብር፣ ለቅነሳው 9,000 ብር፣ በድምሩ 22,500 ብር ይደርሰዋል። ይህን ስሌት የማያውቅ ሠራተኛ የአንድ ወር ደመወዝ በፖስታ ተሰጥቶት ምንም አልቀረኝም ብሎ ሊፈርም ይችላል። በየጊዜው ውሉ እየተቆረጠ እንደ አዲስ የሚቀጠር ሠራተኛ ምን ያህል እንደሚያጣም ከዚሁ ስሌት መረዳት አያዳግትም።

ገንዘቡም ውሉ ከተቋረጠ በኋላ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። ከሕግ ውጭ ተሰናብቻለሁ የሚል ሠራተኛ ወደ ሥራው ለመመለስ ክሱን በ3 ወር ውስጥ ማቅረብ ይጠበቅበታል። አቤት አቤት እያሉ በሽምግልና ብቻ ወራት ያሳለፉ ብዙዎች መብታቸውን ያጡት በዚህ የጊዜ ገደብ ነው። የማኅበር አባል መሆን፣ አሠሪን መክሰስ፣ እርግዝና፣ ዘርና ሃይማኖት ለስንብት ሕጋዊ ምክንያት ሊሆኑ አይችሉም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 158ም ያለ በቂ ምክንያት ሠራተኛ እንዳይሰናበት ይደነግጋል።

ሂስና ግለ ሂስ

እስካሁን አሠሪውን ተመልክተናል። ራሳችንን ሳንመለከት ብናልፍ ግን ሐተታችን ጎዶሎ ይሆናል።

10 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ባለበት ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም በሕግ የተፈቀደ ነው። ነገር ግን ብዙዎቻችን የቅነሳው ዝርዝር እስኪለጠፍ ድረስ ማኅበር ትዝ አይለንም። ስማችን ከዝርዝሩ ውስጥ አለመኖሩን ስናይ እፎይ ብለን ወደ መኪናችን እንመለሳለን፤ በሚቀጥለው ዙር ተራው የእኛ እንደሚሆን እንዘነጋለን። ማኅበር ባለበትም ቢሆን መሪዎቹ ከአለቃ ጋር ቡና በመጠጣት ብቻ የተወሰኑበት፣ የኅብረት ስምምነቱ በመሳቢያ ተቆልፎ አባላቱ አንድም ቀን ያላነበቡበት ሁኔታ አለ። እንዲህ ያለው ማኅበር ከሌለው ድርጅት የሚለየው መዋጮ በመሰብሰቡ ብቻ ነው።

የሠፈር ማኅበሮቻችንም ከዚህ ሂስ አያመልጡም። ዕድር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፤ ንፍሮ ይቀቅላል፤ ያጽናናል። የሠራተኛ እንጀራ ሲሞት ግን ድንኳን የሚተክል የለም። እንዲያውም ሥራውን ያጣው አባል ሦስት ወር መዋጮ ስላልከፈለ ከመዝገብ ይሰረዛል። ሰው ከሁሉ በላይ ወገን በሚፈልግበት ሰዓት ሁለት ጊዜ ተሰረዘ ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ በድርጅቱ፣ አንድ ጊዜ በራሱ ዕድር።

ስለዚህ ሊሠራ የሚችለውን እናመልክት። ማንኛውም ዕድር በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ በቅነሳ ሥራውን ላጣ አባል ለተወሰኑ ወራት የመዋጮ እፎይታ የሚሰጥ አንቀጽ ማስገባት ይችላል። በየሠፈሩ ሕግ የተማሩ፣ ጡረታ የወጡ የሠራተኛ ማኅበር መሪዎችና የሒሳብ ባለሙያዎች አሉ። በወር አንድ እሑድ ተቀምጠው የስንብት ክፍያ ስሌትና የክስ ማመልከቻ ቢያግዙ የስንቱ መብት ከመቃጠል ይድናል! ሠራተኛውም የቅጥር ደብዳቤውን፣ የደመወዝ ደረሰኙንና የጡረታ መለያ ቁጥሩን ቤቱ ያስቀምጥ። ከደመወዙ የሚቆረጠው 7 ከመቶና አሠሪው የሚጨምረው 11 ከመቶ በእርግጥ ገቢ መሆኑን ያረጋግጥ። ሥራ እያለው ማኅበር ይመሥርት እንጂ ከወጣ በኋላ በበር ላይ አይሰብሰብ። የግል የሥራ ክርክር ለፍርድ ቤት፣ የወል የሥራ ክርክር ደግሞ በአስማሚና በወሳኝ ቦርድ በኩል እንደሚታይም ይወቅ።

ሥራ አስኪያጆችም ከዚህ የሚወስዱት አለ። ሠራተኛን ሰብስቦ እውነቱን መንገር፣ ሒሳቡን ገልጦ ማሳየት፣ የሚሰናበተውን በስሙ ጠርቶ በክብር ማመስገን ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ሠራተኛ ክፉ ቀንን አብሮ ማሳለፍ ያውቃል፤ ግማሽ ደመወዝ ተቀብሎ ፋብሪካውን ያቆየ ሠራተኛ በአገራችን ብርቅ አይደለም። የማይችለው ነገር ቢኖር መታለልን ነው።

ለማጠቃለል ያህል፣ የገበያ ችግር ይመጣል፤ ይሄዳልም። ያንን ችግር ሁልጊዜ በደካማው ትከሻ ላይ የመጫን ልማድ ግን በራሱ አይሄድም፤ የሚሄደው ሲገፉት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንዲሉ፣ አንድ ሠራተኛ ብቻውን ተሸክሞት የጎበጠበት ብሶት በማኅበር ሲያዝ ጥያቄ ይሆናል። ጥያቄም በሕግና በማስረጃ ሲደገፍ መልስ ያገኛል። ነገ ማለዳ በጎተራና በሳሪስ መንገድ ወደ ሥራው የሚሄደው ሠራተኛ፣ ማታ ሲመለስም ሥራው ከእርሱ ጋር መሆኑን ተማምኖ እንዲገባ ማድረግ የፋብሪካው ብቻ ሳይሆን የሠፈሩም ጉዳይ ነው። በሚቀጥለው ወር የዕድራችን ስብሰባ ሲጠራ ይህ ጉዳይ ከአጀንዳዎቹ አንዱ ይሁን።